ክብሪት አትጫሩበት

በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ አፍንጫ ሥር የተጫረው ክብሪት ሽታው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሌላ ሰው ክብሪት ሲሸተው ሻማ ወይም ምድጃ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔ ትዝ የሚለኝ አቧራ ላይ በጀርባው የተዘረጋው ወንድሜ ነው።

ይህን የምጽፈው ለአንተ ነው፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለው ሜዳ ልጆች ለምታሰለጥነው። ትናንት ያ ረጅሙ ልጅ ኳስ እየነዳ ሲሮጥ ማንም ሳይነካው ወደቀ። ወዲያው «ክብሪት! ክብሪት ያለው!» ተባለ። ይኸው የድሮው ማሳ ሁሉ ፎቅ ሆኗል፣ የሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ስልክ አለ፣ ሰው ሲወድቅ የሚፈለገው ግን ያው ክብሪት ነው። ልጁ ነቃ። አንተም ራሱ ላይ ውሃ አፈሰስክና «ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ነው አባባ፣ አይጨነቁ» ብለህ መልሰህ አስገባኸው። ጮህኩብህ። ሳቅክብኝ። ለጓደኛህም «ሽማግሌው ዛሬ ምን ነክቷቸዋል?» ስትል ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው። እንግዲህ ምን እንደነካኝ ቁጭ ብለህ አንብብ። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሠኝ፤ ማንበብም መጻፍም የተማርኩት በማታ ትምህርት ነው።

የምንኖረው መካኒሳ አቦ አካባቢ ነበር። ያኔ ላፍቶ ጤፍና ምስር የሚዘራበት አገር ነው። ጠዋት በዚያ በኩል ስትሮጥ የእርጥብ አፈርና የከብት ሽታ ፊትህን ይመታሃል፤ ወደ ሰፈር ስትመለስ ደግሞ ከሩቅ የሳሙና ሽታ ይቀበልሃል። ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ሁለታችንም ለሰፈራችን ሳሙና ፋብሪካ ቡድን እንሮጥ ነበር። እሱ አንደኛ ነው፤ እኔ ደግሞ የእሱን ማጅራት እያየሁ የምከተል ነኝ። የልጅነት ፊቱን አስታውስ ብትለኝ ይቸግረኛል፤ ማጅራቱን ግን አሁን ሣል ብትለኝ እሥልልሃለሁ።

ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ ይነሣና ውስጥ እግሬን በእግሩ ጣት ቆርቆር እያደረገ «ተነስ አንተ ፍራሽ!» ይለኛል። ፍራሽ የሚለኝ ከፍራሽ ስለማልለይ ነው። እየተራገምኩ እነሣለሁ። እሱ እያፏጨ ጫማውን ያስራል። ፋብሪካው የያዘን በቀን ሠራተኛነት ነበር፤ በፋብሪካዎች ውድድር ያሸነፈ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል ብለው ቃል ገብተዋል። አባታችን ሞቷል፤ እህቶቻችን ትንንሾች ናቸው። ቤታችን በሙሉ የወንድሜን እግር ነበር የሚጠብቀው።

መጀመሪያ የወደቀው ሁዳዴ እንደገባ ነው፤ ላፍቶ ዳገቱ ላይ። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ነኝ። አልጮኸ፣ ደረቴን አላለ፣ እጁን ለመመከት እንኳ አልዘረጋ። ማጅራቱን እያየሁ ነበር፤ ከዚያ ማጅራቱ ጠፋ። ስደርስ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ዓይኑ ተገልብጧል። ስሙን እየጠራሁ ስወዘውዘው ነቃና ዙሪያውን አየ።

«ድንጋይ አደናቀፈኝ» አለኝ።

«የቱ ድንጋይ?»

«ድንጋይ ነዋ! ድንጋይ አታውቅም?»

«እስኪ አሳየኝ።»

መንገዱ ደልዳላ አፈር ነው። አንድ ጠጠር አልነበረበትም። ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና መሮጥ ጀመረ። ሰው እንዲህ ይደርቃል? እኔም ደረቅ ነኝ ይሉኛል፤ እሱን ስላላዩት ነው።

ሁለተኛው ፋብሪካው ሜዳ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ እያየ። የመጨረሻውን ዙር ሊጨርስ ሲፈተለክ ወደቀ። ሠራተኛው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አየር እስኪያጣ ድረስ ከበበው። አንዱ «ቡዳ ነው፣ ማን እንደበላው ጠይቁት!» ይላል። ሌላው «ብረት አስጨብጡት!» ይላል። ጎረቤታችን ሴትዮ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ሽንኩርት ይዛ ደረሰች። ዘበኛው ደግሞ ክብሪቱን አወጣ። አንድ እንጨት ጫረ፣ አጠፋ፣ ጭሱን አፍንጫው ሥር አደረገ። ሁለተኛ ጫረ። እንጨቱ ከእጁ አምልጦ፣ ሳይጠፋ የወንድሜ ላይኛው ከንፈር ላይ ወደቀ። የተቃጠለ ጢም ሸተተኝ። እኔ የሰዎቹን እግር እየገፈተርኩ «ልቀቁት፣ ይተንፍስ!» እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል! ወንድሜ ሲነቃ ሁሉም በአንድ አፍ «ክብሪቱ አነቃው!» አሉ። ዘበኛውን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

የፋብሪካው አሰልጣኝ ስኳር በጥብጦ አጠጣው። «ጾም ነው ያደከመው። ሯጭ ባዶ ሆዱን ይጾማል እንዴ? ባይሆን እስከ እሑድ ትንሽ ይብላ» አለ። ልክ እንደ አንተ። እሑድ ውድድሩ ነበር።

እናቴ ስትሰማ መጀመሪያ ያደረገችው በሩን መዝጋት ነው። «ማን አየው?» አለች።

«ፋብሪካው በሙሉ።»

«በሉ፣ ጾም ነው ብላችሁ ተናገሩ። የሚጥል በሽታ አለበት ከተባለ ማን ልጁን ይሰጠዋል? እነዚህንስ ማን ያገባቸዋል?» ብላ እህቶቼን አሳየችን። ትንሿ ገና ጥርሷን እየነቀለች ነበር! ጥርሷ ገና ላልበቀለ ልጅ ስለ ባል ታስባለች እናቴ። በማግሥቱ ጠበል አምጥታ ረጨችው፣ አጠጣችው። እሱም ዝም ብሎ ጠጣ። ጠበሉ ምን አደረገ፤ ያናደደኝ ዝምታው ነው።

ለውድድሩ ሯጮች በሙሉ በሐኪም ታይተው ማህተም ማምጣት ነበረባቸው። አሰልጣኙ «ሐኪም ሲጠይቃችሁ ደህና ነን በሉ፤ ብዙ አታውሩ» ብሎ ላከን። እናቴም ነጠላዋን አጣፍታ አብራን ወጣች። ልጆቼ ወደ ሆስፒታል ብቻቸውን አይሄዱም ብላ እንዳይመስልህ። ምስጢሩን ልትጠብቅ ነው። ሁሉም መክረው ጨርሰዋል፤ ሐኪሙ እንዳይሰማ። እንግዲህ ንገረኝ፣ ሐኪም ካልሰማ ምን ሊሠራ ነው የሚታየው?

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ቁጡ ነው። እኔን ቶሎ ጨረሰኝ። ወንድሜ ጋ ሲደርስ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆየ። አነሣው፣ ሌላ ቦታ አደረገው። ከዚያ «ቁጢጥ በል» አለው። ቁጢጥ አለ። አዳመጠ። «ተነስ» አለው። አሁንም አዳመጠ። ደግሞ «ቁጢጥ በል።» ወንድሜ ሳቁ መጣና «ዶክተር፣ ውድድሩ ሩጫ ነው» አለው። ዶክተሩ አልሳቀም።

«ወድቀህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ራስህን ስተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለች እናቴ፤ የተጠየቀችው እሷ ይመስል።

ዶክተሩ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ሰቀለና የወንድሜን ከንፈር አተኩሮ አየ። ቁስሉ ገና ቅርፊት አልያዘም ነበር።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ሻይ ነው ዶክተር፣ ጌታዬ። ሻይ አቃጥሎት ነው» አለች እናቴ።

«ሻይ አፍንጫ ሥር ብቻ ነው የሚያቃጥል? እናቴ፣ እኔም እዚሁ አገር ነው ያደግኩት። ይሄ የክብሪት ነው። ክብሪት ደግሞ ለወደቀ ሰው እንጂ ለቆመ አይጫርም።»

ክፍሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ ውጭ የበሽተኛ ስም የሚጠራ ሰው ድምፅ ይሰማል። ወንድሜ ጫማውን ያያል። እናቴ ጣሪያውን ታያለች። እኔ ግን አላስችል አለኝ። «ወድቋል!» አልኩ። «ሁለት ጊዜ ወድቋል!» እናቴ ጭኔን ይዛ ቆነጠጠችኝ። ስለ ቁንጥጫ ካነሣህ፣ እሷን የሚያህል አልተፈጠረም።

ወንድሜ ከጫማው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «ሦስቴ ነው» አለ። «አንዴ ብቻዬን ነበርኩ።»

ዶክተሩ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ከዚያ ማንም፣ አሰልጣኙም፣ ሴትዮዋም፣ ዘበኛውም ያልጠየቀውን ጠየቀ። «ስትወድቅ እየሮጥክ ነው? ወይስ ጨርሰህ ከቆምክ በኋላ?»

«እየሮጥኩ። ሲፈጥንልኝ።»

«ከመውደቅህ በፊት ይታወቅሃል?»

«አንዳንዴ ልቤ ይርገፈገፋል። አንዳንዴ ምንም።»

«ከቤተሰብ መካከል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ?»

«የለም» አለ ወንድሜ። እኔም የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ የማውቀው ስለሌለ። እናቴ ዝም አለች። የነጠላዋን ጥለት በሌላ እጇ ጣት ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ዶክተሩ ጠበቃት። ቁጡ ያልኩህ ሰው፣ ያን ጊዜ አልተቆጣም።

«ወንድሜ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሰርግ ላይ እየጨፈረ ነው የወደቀው። ጢም ገና ማውጣቱ ነበር። ዓይን ነው አሉን። ሽንኩርቱን ያስሸተትኩት እኔ ነኝ። እስኪመሽ አስሸተትኩት።»

እጇ ከጭኔ ላይ ወረደ። አጎት እንደነበረን የሰማነው ያን ቀን ነው። እናቴ ሐኪሙን የዋሸችው ሳታውቅ እንዳልነበረ የገባኝም ያን ቀን ነው። ሽንኩርቱንም ክብሪቱንም ስትሰማ፣ ልቧ ሌላ ነገር ይነግራት ነበር። ካልተናገርኩት አይመጣም ብላ ነው የዋሸችው።

ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል ስንዞር ዋልን። ራጅ ተነሣ። ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎበት መሣሪያው እየተንጣጣ ወረቀት ላይ የልቡን ምት አወጣ። ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ ለእናቴ እንዲገባት አድርጎ ነገራት። «ሯጭ ልቡ ትንሽ ቢወፍር፣ ምቱ ቢዘገይ አይገርመኝም፤ ከልምምዱ የመጣ ነው፣ አይጎዳውም። የእሱ ግን ሌላ ነው። የልቡ ግድግዳ ወፍሮ የደሙን መውጫ አጥብቦታል። ሲሮጥ ሰውነቱ ብዙ ደም ይጠይቃል፤ ልቡ የሚሰንፈው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። ምቱም ሊዘበራረቅበት ይችላል። እስካሁን የነቃው ክብሪቱ አንቅቶት አይደለም። ልቡ ራሱ ስለተመለሰ ነው። አንድ ቀን ላይመለስ ይችላል።»

«እሑድስ?» አለ ወንድሜ።

«እሑድም፣ ከእሑድ በኋላም የለም። ውድድር የለም።»

«አንዴ ብቻ ሮጬ ልተው፣ ዶክተር። ቋሚ ልሆን ነው።»

«አንዴውን ነው የምፈራው።»

ኪኒን አዘዘለት፤ በየቀኑ። እናቴ ጠበሉን ልተው ወይ ብላ ጠየቀችው። «ለምን ይተዋሉ? ጠበሉንም ያጠጡት፣ ኪኒኑንም ይዋጥ። አንዱ ለአንዱ ቦታ አይከለክልም» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «አንተም ና፣ ቁጢጥ በል» አለኝ። በዘር የሚመጣ ስለሆነ ነው። ጠዋት በቶሎ የለቀቀኝ ሰውዬ አሁን እንደ ወንድሜ አቆይቶ አዳመጠኝ፤ ሽቦውም ተለጠፈብኝ። ደህና ነህ፣ ግን ዕድሜ ሲጨምር ሊመጣ ስለሚችል እየተመላለስክ ታይ አለኝ። እህቶቻችሁንም አምጡ አለን።

ኪኒኑን ካነሣሁ ላይቀር ልንገርህና ይውጣልኝ። ወንድሜ ዛሬ እዚሁ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ይኖራል። ዛሬ ልቡን በቴሌቪዥን ነው የሚያዩለት፤ ሲከፈትና ሲዘጋ እኔም አይቻለሁ። ይህ ሁሉ እያለ ጾም በገባ ቁጥር ኪኒን አልውጥም ይለኛል። የንስሐ አባቱ «የታመመ ሰው መድኃኒቱን ይውሰድ» ብለውታል፤ እሱ ከንስሐ አባቱ በላይ ጿሚ ነው። ደውዬ «ዋጥክ?» እለዋለሁ። «ዋጥኩ» ይለኛል። ልጁ ከኋላ «አልዋጠም!» ትላለች። አልፎ አልፎም ደህና ነኝ፣ ድኛለሁ ብሎ ያቋርጠዋል። ደህና ያደረገህ እሱ ኪኒን ነው እኮ አንተ ሰው! ባለፈው ደግሞ ሚኒባስ ሊያመልጠው ሲል ሮጠ። በዚህ ዕድሜው! ረዳቱ «ፋዘር፣ ይረጋጉ!» ሲለው ይሰማኛል። ታክሲው ውስጥ ስንቀመጥ እያለከለከ «ቀደምኩህ» አለኝ። ምን ትለዋለህ?

ያን ቀን ከሆስፒታል ስንመለስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። አሰልጣኙ ደጃችን ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

«ማህተሙስ?» አለ።

«አይሮጥም» አለች እናቴ።

«ምን ማለት ነው እትዬ?»

«ልቡን ያመዋል።»

«እንዴ! እንደ ፈረስ የሚሮጥ ልጅ ምን ልብ ያመዋል? ልብ የሚያመው አልጋ ላይ የተኛ ነው። እሑድን ብቻ ይሩጥልኝ። ሐኪሞች ማስፈራራት ይወዳሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መውደቁን ነገራችሁት እንዴ? ዝም በሉ አላልኩም?» አለ።

እናቴ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። በሩን ዘግታ ማን አየው ስትል የነበረችው ሴት መንገዱ መሀል ወጥታ ቆመች። «ልጄ ይወድቃል!» ብላ ጮኸች። «ሰማችሁ ጎረቤቶች? ልጄ ሲሮጥ ይወድቃል! ወንድሜም ወድቆ ቀርቷል! ሩጥ ያለው ሰው እኔን ገድሎ ነው!» ሰዉ ከየበሩ ወጣ። ሽንኩርት ይዛ የነበረችው ጎረቤታችን አፏን በእጇ ያዘች። አሰልጣኙ ቆቡን አስተካክሎ ሄደ። ትንሿ እህቴ የእናቴን ቀሚስ ይዛ ማልቀስ ጀመረች፤ ስለ ባሏ ግን ማንም አላነሣም።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሰማ። ራት አልበላም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

እንግዲህ አንተ፣ ያን ረጅሙን ልጅ ሐኪም ሳያየው አታሰልፈው። ሲወስዱትም አብረህ ሂድ። እየሮጠ እንደወደቀ ንገራቸው፤ ከዘመዶቹ በድንገት የሞተ ካለ እናቱን ጠይቃት፣ ዝም ካለችህም ጠብቃት። ዳግመኛ ሰው ቢወድቅብህ ደግሞ ሰዉን በትንልኝ፤ አምቡላንስ ይጠራ፤ ትንፋሽ ከሌለው ደረቱን በሁለት እጅህ ተጫን፣ እስኪደርሱ አታቋርጥ። ክብሪቱ ኪስህ ይቀመጥ።

በማግሥቱ ጠዋት ውስጥ እግሬን የቆረቆረኝ የለም። በራሴ ነቃሁ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጨለማው ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ በበሩ ስንጥቅ ትንሽ ብርሃን ገብታለች። ወንድሜ አልተኛም፤ አተነፋፈሱ ያስታውቃል። ጫማው አልጋው ሥር እንደታሰረ ነው። ተነሣሁና ውስጥ እግሩን በእግሬ ጣት ቆረቆርኩት።

«ተነስ አንተ ፍራሽ።»

«ወዴት? አልሰማህም እንዴ?»

«መሮጥ ነው የከለከለው። መሄድ አልከለከለም።»

 ከዚያ ተነሥቶ ጫማውን አደረገ፤ አላፏጨም። ወጣን። በዚያው መንገድ ወደ ላፍቶ ሄድን፣ ቀስ እያልን። እግሬ ከእሱ ኋላ መሄድ ለምዶ አስቸገረኝ፤ ወደ ኋላ ስቀር ይቆምና ይጠብቀኛል፤ እንደገና ጎን ለጎን እንሆናለን። ጎኑን ሆኜ ስሄድ ፊቱን አየሁት። ያለቀሰ ሰው ፊት ነበር።

ዳገቱ ላይ ስንደርስ ቆመ። የወደቀባትን ቦታ ሁለታችንም እናውቃታለን። እኔ ጎንበስ ብዬ መሬቱን ማየት ጀመርኩ።

«ምን ጠፋብህ?» አለኝ።

«ድንጋዩ የታለ?»

አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቁስሉ አሳመመውና በእጁ ያዘው። ከዚያ እሱም ጎንበስ አለ። ሁለታችንም በዚያ ደልዳላ አፈር ላይ፣ የሌለውን ድንጋይ ስንፈልግ ፀሐይ ወጣች።